ከራሱ የተሻለ ማሽን፦ የሄንሪ ሞድስሌይ ሕይወትና የጠረጴዛ ላይ ሚሊንግ ማሽን የማሻሻያ ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የእንግሊዛዊውን ማሽን ሠሪ የሄንሪ ሞድስሌይን (1771–1831) ሕይወት ይቃኛል። የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጉድለት ያለበት ማሽን ከራሱ የተሻለ ማሽን ሊሠራ ይችላልን? የሞድስሌይ የሥራ ዘመን ለጥያቄው አዎንታዊ መልስ እንደሚሰጥ፣ መልሱ ግን በሥራው ቅደም ተከተል ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ጽሑፉ ያሳያል። ጸንቶ የሚቆም አካልና ቀጥ ያለ መምሪያ ይቀድማሉ፤ ልኬት አብሯቸው ይሄዳል፤ ኃይልና ፍጥነት በመጨረሻ ይከተላሉ። ይህ ቅደም ተከተል ዛሬ በቤቱ አነስተኛ ሚሊንግ ማሽን ለሚያሻሽል ሰው ምን እንደሚያስተምር በስድስተኛው ክፍል ተመልክቷል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ ሚሊንግ ማሽን ዛሬ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት ገብቷል። ዋጋው ከትልቁ ማሽን ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው፤ ዋጋው የወረደበት ምክንያት ግን ሥራ ሲጀመር ይገለጣል። መቁረጫው ብረቱን ሲነካ ምሰሶው በጥቂቱ ይጎብጣል፤ ጠረጴዛው በመምሪያው ላይ ይወዛወዛል፤ የእጀታው አቅጣጫ ሲቀየር ብሎኑ ጥቂት በባዶ ከዞረ በኋላ ነው ጠረጴዛው የሚንቀሳቀሰው። ባለቤቱ ማሽኑን ለማሻሻል ሲነሣ ሁለት ችግሮች ይገጥሙታል። አንደኛው ከየት መጀመር እንዳለበት መወሰን ነው። ሁለተኛውና የከበደው፣ ማሽኑን የሚያርምበት ሌላ የተሻለ ማሽን አለመኖሩ ነው። መለዋወጫውን የሚሠራው በዚያው ጉድለት ባለበት ማሽን ነው።

ይህ ሁለተኛው ችግር አዲስ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የመላው የብረት ሥራ ሙያ ችግር ነበር። በዚያን ዘመን አብዛኛው የብረት ሥራ የሚጠናቀቀው በመዶሻ፣ በመሮና በሞረድ ነበር። የዕቃው ትክክለኛነትም ከሠራተኛው እጅና ዓይን አያልፍም ነበር። አንድ ብሎንና አንድ ዳዶ ተለክተው የሚሠሩት ለእርስ በርሳቸው ብቻ በመሆኑ፣ ከሌላ ጥንድ ጋር ቢቀላቀሉ ሊገጥሙ አይችሉም ነበር። ሞድስሌይ ይህን ሁኔታ ለመለወጥ ከማንም በላይ ከደከሙት አንዱ ነው። የሕይወት ታሪኩም ብዙ ጊዜ እንደሚቀርበው የአንድ ፈጠራ ታሪክ ሳይሆን የተከታታይ እርማት ታሪክ ነው።

2. ከባሩድ ቤት ወደ አንጥረኛ ቤት

ሄንሪ ሞድስሌይ በነሐሴ ወር 1771 በለንደን አቅራቢያ በምትገኘው በዉሊች ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ጦር የምሕንድስና ክፍል የመንኮራኩር ሠሪ ነበር። በውጊያ ከቆሰለ በኋላም በዉሊች የንጉሣዊው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል። ልጁ በ12 ዓመቱ በዚያው ግምጃ ቤት ሥራ ጀመረ፤ ሥራውም ባሩድ በቀለህ ውስጥ መሙላት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አናጢዎች ክፍል ተዛወረ። ልቡ ግን ወደ ብረት ያደላ ስለነበር በ15 ዓመቱ ወደ አንጥረኞች ክፍል ገብቶ ሙያውን መማር ያዘ። በተለይ ቀላልና ረቂቅ በሆነው የብረት ሥራ ፈጥኖ ስም አወጣ።

መደበኛ የሂሳብ ወይም የምሕንድስና ትምህርት አልነበረውም። በአንጥረኛ ቤት ያገኘው ግን ለኋለኛው ሥራው መሠረት ሆኗል። የሞረድ ምት ብረቱን በየት በኩል እንደሚያጎድልና የትኛው ገጽ ከየትኛው ጋር እንደማይገጥም በእጁ ያውቅ ነበር። ማሽን ለመሥራት በተነሣ ጊዜ ማሽኑ ሊተካው የሚገባውን የእጅ ጉድለት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

3. በብራማ ቤት፦ ትክክለኛነት የገበያ ጥያቄ ሲሆን

ጆሴፍ ብራማ በ1784 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ጓጉንቸር በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ለመክፈት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የአስቸጋሪነቱ ምንጭ የክፍሎቹ ጥቃቅንነትና የአሠራራቸው ጥንቃቄ ነው። ዳሩ ግን ይኸው ጥንቃቄ ጓጉንቸሩን ውድ አደረገው፤ እያንዳንዱ በሠለጠነ እጅ በሞረድ ሲሠራ በብዛት ለገበያ ሊቀርብ አይችልም። ብራማ በ1789 የ18 ዓመቱን ሞድስሌይን የቀጠረው ይህን ችግር እንዲፈታለት ነበር።

ሞድስሌይ የጓጉንቸሩን ክፍሎች በተመሳሳይ መጠን ለማውጣት የሚያስችሉ መሣሪያዎችን ሠራ። ብራማ በሱቁ መስኮት ላይ አስቀምጦ ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ ሽልማት እንደሚሰጥ ያወጀበት ጓጉንቸርም የሞድስሌይ እጅ ሥራ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ጓጉንቸር የተከፈተው ሞድስሌይ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1851 ነው። ብራማ በ1795 የባለቤትነት መብት ባገኘበት የውሃ ግፊት መጭመቂያ ላይም፣ ግፊቱ ሲጨምር ራሱን አጥብቆ ውሃውን የሚይዘውን የቆዳ ማኅተም ያሰበው ሞድስሌይ መሆኑን ከእርሱ ጋር የሠሩ ሰዎች መስክረዋል።

በ1791 በብራማ ቤት አገልጋይ የነበረችውን ሣራ ቲንደልን አገባ። የሠራተኞች አለቃ ከሆነ በኋላ ደመወዙ በሳምንት 30 ሺሊንግ ነበር። ቤተሰቡ እየሰፋ ሲሄድ ጭማሪ ጠየቀ፤ ብራማ ግን አልፈቀደም። ሞድስሌይ በ1797 ሥራውን ለቆ በለንደን ከኦክስፎርድ ጎዳና አጠገብ በዌልስ ጎዳና የራሱን አነስተኛ መሥሪያ ቤት ከፈተ።

4. ማሽኑና ማሻሻያው

በዚህ ጊዜ አካባቢ ሞድስሌይ ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ብሎን መቁረጫ ቶርኖ ሠራ። ማሽኑ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ ነበር። ሦስት ነገሮችን አጣምሯል፦ በቀጥታ መምሪያ ላይ የሚሄድና መቁረጫውን አጥብቆ የሚይዝ ተንሸራታች ማቀፊያ፣ ማቀፊያውን የሚነዳ መሪ ብሎን፣ እና መሪውን ብሎን ከሚዞረው ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ማርሽ። ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ ሠራተኛው መቁረጫውን በእጁ ይዞ በድጋፍ ላይ አሳርፎ ነበር የሚቆርጠው። አሁን እጁ ከመቁረጫው ላይ ተነሣ።

የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስገነዝቡት ከነዚህ ሦስቱ አንዱም ሙሉ በሙሉ የሞድስሌይ ፈጠራ አይደለም። ጄሲ ራምስደን በለንደን በ1770ዎቹ፣ ሴኖ የተባለው ባለሙያ ደግሞ በፈረንሳይ በ1795 ብሎን መቁረጫ ቶርኖ ሠርተዋል። ተንሸራታች ማቀፊያም ቀደም ሲል የታወቀ ነበር። የሞድስሌይ ድርሻ ሦስቱን በጠንካራ የብረት አካል ላይ ማዋሐዱ፣ ከዚያም ማዋሐዱ በቂ አለመሆኑን መገንዘቡ ነው። በመጀመሪያው ማሽን ላይ የጥርሱን ርቀት ለመለወጥ መሪውን ብሎን ራሱን አውጥቶ ሌላ መተካት ያስፈልግ ነበር። በ1800 አካባቢ በሠራው ማሽን ላይ ግን ተለዋዋጭ ማርሾችን አስገብቶ በአንድ መሪ ብሎን የተለያየ ርቀት ያላቸውን ጥርሶች ለመቁረጥ ቻለ። አንድ ጥሩ ብሎን ካለ ከእርሱ ብዙ ዓይነት ብሎኖችን ማውጣት ተቻለ ማለት ነው። የመሪው ብሎን ስሕተትም በዚያው ልክ በሁሉም ላይ ይታተማል። ስለዚህ የሞድስሌይ ቀጣይ ሥራ ይህን አንድ ብሎን ማረም ሆነ።

5. ጠፍጣፋው ሰሌዳ፣ ረጅሙ ዳዶና ዳኛው

ትክክለኛ ብሎን በሌለበት ዓለም የመጀመሪያው ትክክለኛ ብሎን ከየት ይመጣል? ሞድስሌይ ከብዙ ሙከራ በኋላ የመረጠው ዘዴ ቀላል ነው። በተወሰነ ማዕዘን የተዘነበለ ስለት በሚዞር ለስላሳ በትር ላይ ያርፋል፤ በትሩ ሲዞር ስለቱ በማዕዘኑ ምክንያት ራሱን ወደ ጎን እየነዳ ጥምዝ መስመር ይጭራል። በዚህ መንገድ ከተገኙት ብሎኖች የተሻለው ተመርጦ ቀጣዩን ለመቁረጥ ያገለግላል፤ ቀጣዩ ይለካል፤ ስሕተቱ ይታረማል፤ የታረመው ደግሞ መሪ ይሆናል።

የእርማቱን ምሥጢር ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ለሥነ ፈለክ መሣሪያ የተሠራው ብሎን ነው። ርዝመቱ 5 ጫማ፣ ውፍረቱ 2 ኢንች ሲሆን በእያንዳንዱ ኢንች 50 ጥርሶች ነበሩት። ዳዶው 12 ኢንች ርዝመት ስለነበረው በአንድ ጊዜ 600 ጥርሶችን ያቅፍ ነበር። አንድ ጥርስ ብቻውን ቢሳሳት የቀሩት 599 አይፈቅዱለትም፤ የአንዱ ስሕተት በሁሉም ላይ ተከፋፍሎ ይሟሟል። ከክፍሎቹ የላቀ ውሕደት የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው መሠረት ጠፍጣፋ ገጽ ነበር። በሞድስሌይ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያመሳክሩባቸው ጠፍጣፋ የብረት ሰሌዳዎች በየጠረጴዛው ነበሩ። የገጹ ከፍታ ቦታ በቀለም ይታወቃል፤ የታወቀው ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ይነሣል። ሁለት ሰሌዳዎች ብቻ ሲነጻጸሩ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ሦስት ሰሌዳዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲነጻጸሩ ግን ሁሉም ሊገጥሙ የሚችሉት ሁሉም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህን የሦስት ሰሌዳ ዘዴ በ1840 ለሳይንስ ማኅበረሰብ ያቀረበው በ1825 ወደ ሞድስሌይ ቤት ገብቶ የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው። የዘዴው መነሻ ከሁለቱ ለማን እንደሚሰጥ ዛሬም ያከራክራል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ዘዴው ሌላ ማሽን የማይጠይቅ መሆኑ ነው፤ የሚጠይቀው ንጽጽርና ትዕግሥት ነው።

ሦስተኛው መሠረት ልኬት ነው። ሞድስሌይ ለመሥሪያ ቤቱ የጠረጴዛ ማይክሮሜትር ሠራ። ብሎኑ በኢንች 100 ጥርሶች ሲኖሩት የሚዞረው ጎማ በ100 ተከፍሏል፤ ስለዚህ አንዱ ክፍል የኢንችን አንድ አሥር ሺህኛ፣ ማለትም 0.0025 ሚሊ ሜትር ያህል ያመለክታል። መሣሪያው በእንግሊዝ የከፍተኛው ዳኛ ማዕረግ ተሰይሞ ነበር፤ በመለኪያ ላይ ክርክር ሲነሣ የመጨረሻው ፍርድ የእርሱ ስለሆነ ነው። ሠራተኛ ከአለቃ ጋር ሲከራከር ከአለቃው ቃል በላይ የሚታመን ዳኛ በቤቱ አስቀመጠ።

የነዚህ ሦስት መሠረቶች ፍሬ ባለበት ጊዜ ታየ። ማርክ ኢሳምባርድ ብሩኔል ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከብ ገመድ መዘውሮችን በማሽን ለመሥራት ባቀደ ጊዜ ማሽኖቹን የሚሠራለት ሰው አድርጎ ያገኘው ሞድስሌይን ነው። በፖርትስመዝ የተተከሉት ከ40 በላይ ማሽኖች በ1808 በዓመት 130,000 መዘውሮችን ለማምረት በቁ። ቀድሞ 110 የሠለጠኑ ሠራተኞች ይሠሩት የነበረውን ሥራ 10 ያልሠለጠኑ ሰዎች እንዳከናወኑት ይነገራል። ይህ ቁጥር የማሽኖቹን ብቃት ሲያሳይ የዘመኑን ዋጋም ያሳያል። በሞረድና በመሮ የኖረ ሰው በገዛ እጁ የሠራው ማሽን የብዙ ባለ እጆችን ሙያ ከገበያ አስወጥቷል።

ሞድስሌይ በ1810 ወደ ላምቤዝ ተዛውሮ ሰፊ ፋብሪካ አቋቋመ። ከጆሹዋ ፊልድና ከልጆቹ ጋር የመርከብ የእንፋሎት ሞተሮችን ሠራ። ብሩኔል በቴምዝ ወንዝ ሥር ዋሻ ለመቆፈር የተጠቀመበት ታላቁ የመከላከያ ጋሻም የተሠራው በዚህ ቤት ነው። ቤቱ ትምህርት ቤትም ነበር፤ ሪቻርድ ሮበርትስ፣ ጆሴፍ ክሌመንትና ዊትዎርዝ ከዚያ ወጥተው እያንዳንዳቸው የማሽን ሥራን ወደፊት አራምደዋል። ዊትዎርዝ በ1841 ያቀረበው የብሎን ጥርስ ደረጃ ሞድስሌይ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጀመረውን ሥርዓት ለሀገር ያዳረሰ ነው።

በ1829 ጄምስ ናስሚዝ የተባለ ወጣት የራሱን አነስተኛ የእንፋሎት ሞተር ሞዴል ይዞ መጣና የሞድስሌይ የግል ረዳት ሆነ። ለአንድ የመርከብ ሞተር ሞዴል ብዙ ጥቃቅን ባለ ስድስት ጎን ዳዶዎች አስፈለጉ። እነዚህን አንድ በአንድ በሞረድ ከመሥራት ይልቅ ናስሚዝ አነስተኛ ቶርኖን ለውጦ ዳዶውን በመከፋፈያ ሰሌዳ በየጎኑ እያዞረ በሚሽከረከር መቁረጫ የሚያስተካክል ማሽን ሠራ። ከመጀመሪያዎቹ የሚሊንግ ማሽኖች አንዱ የሆነው ይህ መሣሪያ የተገኘው በጠረጴዛ ላይ ያለን ማሽን በማሻሻል ነው።

ሞድስሌይ በጥር 1831 ፈረንሳይ ያለ ወዳጁን ጎብኝቶ ባሕሩን ሲሻገር ብርድ መታው፤ በየካቲት ወርም ሞተ። የቴሌስኮፕ ሥራ አስቦ ነበር፤ ሳይፈጽመው ቀረ። በተወለደባት በዉሊች፣ ራሱ በነደፈው የብረት መቃብር ተቀበረ።

6. ለቤት ማሽን የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ሕይወት የሚወጣው ቅደም ተከተል ለዛሬው የጠረጴዛ ላይ ሚሊንግ ማሽን በአራት ደረጃ ሊቀርብ ይችላል።

አንደኛ፣ አካል። የምሰሶው የመጉበጥ መጠን ከቁመቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል፤ ጥንካሬው ደግሞ ከጉብጠቱ አቅጣጫ ውፍረት ሦስተኛ ርቢ ጋር ይጨምራል። ድፍን አራት ማዕዘን ምሰሶ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው 8 እጥፍ ይሆናል። በአንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ከመሠረቱ ጋር የታሰረ ተዘንባይ ምሰሶ ያላቸው ማሽኖች ባለቤቶች ምሰሶውን ከጀርባው በወፍራም የብረት ሳህን መደገፋቸው፣ ወይም ባዶ ውስጡን ከጠጠር ጋር በተደባለቀ ኢፖክሲ መሙላታቸው ከዚህ አንጻር ተገቢ እርምጃ ነው።

ሁለተኛ፣ መምሪያና ቀጥታ። የተንሸራታቹ ማጥበቂያ ሽብልቅ በማመሳከሪያ ሰሌዳና በቀለም ተሞክሮ መስተካከል አለበት። የሽክርክሪት ዘንጉም ከጠረጴዛው ጋር ቀጥ ማለቱ በዳያል ጌጅ ይረጋገጣል። በ100 ሚሊ ሜትር ላይ የ0.1 ሚሊ ሜትር ዝንባሌ ካለ፣ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መቁረጫ ሁለት ጫፎች በ0.05 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ የተቆረጠውም ገጽ ይጎደጉዳል ወይም ደረጃ ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ ዳኛ። በጠረጴዛው ላይ የሚገጠም ዲጂታል ማንበቢያ ከብሎኑ ነጻ ሆኖ ቦታን ስለሚለካ የብሎኑን ልልነት ያጋልጣል። ይሁን እንጂ ማንበቢያው ከመቁረጫው ጫፍ ርቆ በሚቀመጥበት መጠን የጠረጴዛው ውዝዋዜ ሳይለካ ያልፋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ደረጃ ካልተፈጸመ ሦስተኛው ሊያታልል ይችላል።

አራተኛ፣ ኃይልና ቁጥጥር። የፕላስቲክ ማርሽን በቺንጋ መተካት ድምፅን ይቀንሳል፤ ቦል ስክሩና ስቴፐር ሞተር መግጠምም ብዙ ሥራ ያቃልላል። በአንድ ዙር 200 እርምጃ ያለው ሞተር በዙር 5 ሚሊ ሜትር ከሚነዳ ብሎን ጋር ሲጋጠም አንዱ ሙሉ እርምጃ 0.025 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ግን የትእዛዙ ጥራት እንጂ የሥራው ትክክለኛነት አይደለም። መምሪያው 0.1 ሚሊ ሜትር የሚወዛወዝ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ስሕተቱን በፍጥነትና ያለ ድካም ይደጋግመዋል። ብዙ ባለቤቶች በዚህ በአራተኛው ደረጃ መጀመራቸው ለገንዘባቸውም ለውጤታቸውም ጉዳት ነው።

7. ማጠቃለያ

የሞድስሌይ ሕይወት ለተነሣው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁኔታ ያለው አዎንታ ነው። ጉድለት ያለበት ማሽን ከራሱ የተሻለ ማሽን ሊሠራ ይችላል፤ የሚችለው ግን ስሕተቱ እንዲታይ የሚያደርግ ንጽጽር ሲኖር ነው። ሦስቱ ሰሌዳዎች፣ ረጅሙ ዳዶና የጠረጴዛው ማይክሮሜትር በመልካቸው ቢለያዩም ተግባራቸው አንድ ነው፤ ስሕተትን ከሠራተኛው እምነት አውጥተው በግልጽ ቦታ ያስቀምጡታል። ማሽን ባሻሻለ ተመራማሪ ጽሑፍ ውስጥም ይኸው ሊጠበቅ ይገባል። የገጠመውን ሞተር ኃይልና የእርምጃውን መጠን ከመግለጹ አስቀድሞ ከማሻሻያው በፊትና በኋላ የተለካውን የምሰሶ ጉብጠት፣ የጠረጴዛ ውዝዋዜና የብሎን ልልነት ቢያቀርብ፣ አንባቢው ማሽኑ መሻሻሉን ከመለወጡ ለይቶ ለማየት ይችላል።